ወርቃማዋ ጣውንቴ

ባሌ ጣውንት አምጥቶብኛል። ሰው እንዳትመስላችሁ፤ ካርድ ናት። በአውሮፕላን በበረረ ቁጥር ማይል የሚጠራቀምባት፣ ከጣት የማትበልጥ ካርድ። መጀመሪያ ሰማያዊ ነበረች፣ ቀጥላ ብርማ ሆነች፤ አሁን ደግሞ ወርቃማዋን ለማግኘት ይኸው ስንት ዓመት ደጅ ይጠናል። ለእኔ እንኳ እንዲህ ደጅ አልጠናም። አንድ ቀን ጠየቀኝ፣ እሺ አልኩት፣ አለቀ።

ሥራው ሊፍት ነው። ለትልልቅ ሆቴሎች ሊፍት በሚተክል ድርጅት ውስጥ መሐንዲስ ነው። የሆነ አገር የተተከለ ሊፍት ማቃሰት ሲጀምር ይጠራል፤ ድርጅቱም በቢዝነስ ክላስ ይልከዋል። ወንበሩ ተዘርግቶ አልጋ ይሆናል፣ ፎጣው ሞቅ ብሎ ይመጣል፣ ሆስተሷ ስሙን እየጠራች ታስተናግደዋለች። ይህን ሁሉ የማውቀው እሱ ሲያወራ ሰምቼ ነው። እኔ ከመኖሪያችን ሥር ባለችው ስፌት ቤቴ የሙሽራ ልብስ እሰፋለሁ። ሩቅ ሄድኩ ከተባለ ክር ፍለጋ ነው።

ሰው ከመንገድ ሲመለስ ስለ ሄደበት አገር ይጠየቃል። የእኔን ሰውዬ ከተማው እንዴት ነበር ብትሉት "የአየር ማረፊያው ላውንጅ ጥሩ ነው" ይላችኋል። ሻንጣውን ሳያስቀምጥ ስልኩን ከፍቶ ማይሉ መግባቱን ያያል። ካልገባ ቤታችን ሐዘን ይቀመጣል። ያን ጊዜ አየር መንገዱ ጋ የምደውለው እኔ ነኝ፤ እሱ ስልክ ላይ ሲያስጠብቁት ደሙ ይፈላል። የካርዷን ቁጥርና የሚስጥር ቃሏን ሰጥቶኝ፣ የቤተሰብ አባል ብሎ አስመዝግቦኝ፣ ደመወዝ የሌላት የማይል ጸሐፊው አድርጎኛል። እግሬ የስፌት መኪናው ላይ፣ ስልኩ በጆሮዬና በትከሻዬ መሀል፣ "የባለፈው ሳምንቱ በረራ አልገባም" እያልኩ ስከራከር ለልኬት የቆሙ ሙሽሮች በሳቅ ይፈርሳሉ። ስልኩን ከምታነሳው ሴትዮ ጋር ከመላመዳችን የተነሳ፣ አሁን አሁን ስለ ጉልበቷ ሕመም ሳትነግረኝ ወደ ጉዳዩ አንገባም።

ደግሞ መንገድ ማጣመሙ! በአንድ በረራ የሚደረስበትን አገር በሁለት ሌላ አገር ዞሮ ነው የሚሄደው፤ ማይሉ እንዲበዛ። ጎረቤት ሊጠይቅ በከተማው ዳርቻ የሚዞር ሰው አይታችኋል? ባሌ ነው።

ይህንንም እስቅበት ነበር፣ ልጃችን ባትኖር። አንድ ልጅ ናት ያለችን። አግብታ ከሄደች ወዲህ በስልክ እንጂ በአካል አላየኋትም። የምትኖረው ደግሞ በአጭሩ መንገድ ላይ ነው። አባቷ ወደ ሥራው በቀጥታ ቢሄድ ኖሮ አውሮፕላኑ ሌላውን ለመቀየር የሚያርፈው እሷ ከተማ ነበር። በዚያ ሄዶ ግን አያውቅም። ማይሉ ያንሳላ!

"እኔና አንቺ ግን አብረን በቢዝነስ እንሄዳለን" ይለኝ ነበር። "ወርቃማ ስሆን። እስከዚያ ማይሉ አይነካም፤ ከተነካ ደረጃዬ ይወርዳል።"

"እንግዲያው በገንዘብ ልቁረጥና ልሂድ" ስለው ደግሞ ይስቅብኛል። "ይሄን ሁሉ ማይል ይዘን ገንዘብ እናወጣለን? እንዴት ያለ ሞኝነት ነው!"

ማይሉ አይነካም፤ ማይሉ ስላለ ደግሞ ገንዘቡም አይነካም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ይሏችኋል ይሄ ነው። እውነት ለመናገር እኔም አምኜው ነበር። እሱ ሲያስረዳ ሁሉ ነገር ትክክል ይመስላል።

ልጃችን አረገዘች። ባሏ መርከበኛ ነው፤ የመውለጃዋ ጊዜ ሲደርስ እሱ ባሕር ላይ እንደሚሆን ከወዲሁ ይታወቅ ነበር። "እማዬ" አለችኝ በስልክ፣ እንደ ቀልድ አድርጋ፣ "አዋላጆቹ አብሮሽ የሚገባው ማነው ብለው ጠየቁኝ። ያንቺን ስም ጻፍኩ። ባትመጪም ግድ የለም፣ ቦታው ባዶ እንዳይሆን ብዬ ነው።" ቀልድ ስታበዛ እየፈራች መሆኑን የማውቀው ከሕፃንነቷ ጀምሮ ነው። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ የሰው ቬሎ ላይ አለቀስኩበት። ቪዛዬን ያን ሰሞን አስመታሁ።

በዚያው ሰሞን የባሌ ድርጅት ወጪ ለመቀነስ አዲስ መመሪያ አወጣ። ከእንግዲህ ሁሉም ሠራተኛ በርካሹ ወንበር፣ በኢኮኖሚ ይበራል፣ መንገዱም አጭሩ መንገድ ይሆናል። ባሌ አመመው። የምሬን ነው፣ ትኩሳት ነበረው። ወርቃማዋ ልትደርስ አንድ ጥሩ በረራ ብቻ ነበር የቀራት፤ የማይሉ ዓመት ደግሞ በወሩ መጨረሻ ይዘጋል፣ ከዚያ ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል።

ግን እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ ሰው አይደለም። አንድ ሩቅ አገር ላለ ሆቴል ሥራ አስኪያጅ ደወለ፤ እኔ እየሰማሁ ነው። "ሊፍታችሁ ሲወጣ ድምፅ ያሰማል?" አለው። ሰውዬው ምን እንዳለ እንጃ። "ትንሽም ቢሆን? እም... እሱን ነው የፈራሁት። ሰው አታሳፍሩበት፣ እኔ ራሴ እመጣለሁ።" ጤነኛ ሊፍት በስልክ አሳመመ!

ከዚያ እራት ላይ እንዲህ አለኝ። "የዛሬ ሳምንት እበራለሁ። ደውይና ማይሉን ከፍለሽ ከኢኮኖሚ ወደ ቢዝነስ አስቀይሪልኝ።"

ማንኪያዬን አስቀመጥኩ። "ማይሉ አይነካም አላልክም?"

"ይሄ መንካት አይደለም። ማይል ልኮ ማይል ማስመጣት ነው። በቢዝነስ ከሆንኩ እጥፍ ይታሰብልኛል፤ ወርቃማዋ በእጄ ገባች ማለት ነው።"

"ልጅህ ልትወልድ እኮ ነው።"

"አውቃለሁ። ደስ ይላል" አለ ዳቦውን እየቆረሰ። "ልጅ በማንኛውም ዓመት ይወለዳል፣ የኔ እናት። የማይሉ ዓመት ግን በዚህ ወር ያልቃል።"

ብጮህ ይሻል ነበር። ለልጁ ያልተነካውን ማይል ለካርድ ሲመዝዘው በዓይኔ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ሳህኖቹን አነሳሁ፣ አጠብኩ፣ አንዱን ሁለቴ አጠብኩት።

በማግስቱ ስፌት ቤቴን ቆልፌ ደወልኩ። ሴትዮዋ እንደ ልማዷ ስለ ጉልበቷ ነገረችኝ፣ እኔም ሙቅ ውሃ መከርኳት፣ ከዚያ ወደ ጉዳዩ ገባን።

"እናቴ፣ እንኳንም ዛሬ ደወሉ" አለችኝ። "ካልተጠቀሙበት የወሩ መጨረሻ ላይ ብዙው ማይል ሊቃጠል ነው።"

"ምን ማለት ነው የሚቃጠል?"

"ሦስት ዓመት ካለፈው ይጠፋል። አምና የጠፋውን አላዩትም? ካቻምናም ጠፍቷል።"

"ደረጃው እንዳይወርድ ብሎ ነው እኮ የማይነካው።"

"ደረጃውማ ሌላ ነው! ማይሉን ቢጠቀሙበትም ባይጠቀሙበትም ደረጃው አይወርድም። መጽሐፉ ላይ አለ፤ ካርዱን ሲሰጡት አብሮ የሚሰጠው መጽሐፍ።"

መጽሐፉን አውቀዋለሁ። የሚንገዳገደው የስፌት ጠረጴዛዬ እግር ሥር የደገፈው ራሱ ባሌ ነው። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ ማይል ግን ዝም ብለው ሲያስቀምጡት ከሥሩ ይነቅዛል። እኔ ከልጄ የተለያየሁበት ያ ሁሉ ዓመት፣ ከላይ ሲጨምር ከታች ሲበሰብስ የኖረ ጎተራ ለመጠበቅ ነበር። ከመናደዴ የተነሳ ሳቄ መጣ።

"አሁን ያለው ማይል እስከ ልጄ ከተማ ምን ያደርግልኛል?" አልኳት።

"በኢኮኖሚ ከሆነ ደርሶ መልስ ይበቃዎታል። በቢዝነስ ከሆነ ግን መሄጃ ብቻ ነው፤ ትንሽ ይተርፋል። አባታችን በሚበሩበት በረራ ላይ ደግሞ የቀረችው የቢዝነስ ወንበር አንድ ናት።"

አንድ። እግዜር ሲያደላድል እንዲህ ነው።

"እሷን በእኔ ስም ቁረጪያት።"

"እናቴ፣ መመለሻ የለዎትም እኮ። ደርሶ መልሱ አይሻልም?"

"ስለ መመለስ ማን አነሳ?" አልኳት። ሴትዮዋ ስትስቅ ሰማኋት፣ ከዚያ የኮምፒውተሯን ቁልፎች ኳኳታ።

ማታ ባሌ "ደወልሽ?" ሲለኝ "ደውዬ ጨርሻለሁ" አልኩት። ግንባሬን ሳመኝ። "ያላንቺ ምን ይውጠኝ ነበር!" አለ። ወንበሩ ለማን እንደተያዘ አልጠየቀም። ሰውዬው በማይል ጉዳይ እኔን የሚያምነኝን ያህል በሌላ ነገር ቢያምነኝ ኖሮ ቤታችን ገነት በሆነ።

የበረራው ዕለት እሱ ከቢሮው በቀጥታ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ሄደ። እኔ ለሕፃኑ የሰፋሁትን ሁሉ በሻንጣ ጠቅጥቄ ቀድሜው ደረስኩ። ቢዝነሶቹ ቀድመው ይገባሉ አይደል? ገባሁ። በመስኮቱ በኩል ተቀመጥኩ። ሆስተሷ የወንበሩን ቁልፎች ልታሳየኝ ጎንበስ ስትል የቱ እግር እንደሚያነሳ፣ የቱ ወገብ እንደሚያሸው እኔው ነገርኳት። ባሌ ለዓመታት አስተምሮኛላ።

እሱ የገባው ሰው ሁሉ ከተቀመጠ በኋላ ነው። ለካስ ታች ባንኮኒው ላይ "ተሳስታችኋል፣ ሚስቴ ደውላ አስቀይራልኛለች" ሲል ሰው ሰብስቦ ኖሯል። ከረባቱ ወደ ጎን ዞሯል፣ ፊቱ ቲማቲም ሆኗል። ሊፍት ውስጥ ተቆልፎበት ውሎ የወጣ ሰው ይመስላል። በአጠገቤ ሊያልፍ ሲል አየኝ። አለፈ። ሁለት እርምጃ ተመለሰ።

"አንቺ?"

"እኔ።"

"እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?"

"ልጄ ጋ እየሄድኩ ነው። አንተስ፣ ባጭሩ መንገድ ምን አመጣህ?"

ወንበሩን አየ፣ እግሬ ሥር የተዘረጋውን ብርድ ልብስ አየ፣ በእጄ የያዝኩትን የብርቱካን ጭማቂ አየ። "ይሄ... ይሄ የኔ ወንበር ነው!" አለ።

ሆስተሷ መጣች። "ጌታዬ፣ የእርስዎ ወንበር ከኋላ ነው። መንገዱን ይልቀቁልን።"

"ሚስቴ እኮ ናት!"

"ደስ ይላል፣ ጌታዬ። በር ልንዘጋ ነው።"

ሄደ። መጋረጃው ከኋላው ሲዘጋ ልቤ ቅቤ ጠጣ፣ አልዋሽም።

ከተነሳን በኋላ ግን አንጀቴ አልቻለም። የሰጡኝን ካልሲና ቸኮሌት በሆስተሷ እጅ ላኩለት። ስትመለስ ካልሲውን ይዛው መጣች። "ቸኮሌቱን ተቀብለዋል" አለችኝ። "መሀል ወንበር ላይ ናቸው፤ በሁለት በኩል የተኙ ሰዎች ትከሻቸው ላይ ተደግፈዋል። ካልሲ ለማድረግ ጎንበስ ማለት አልቻሉም።" ቆይቶ ራሱ እስከ መጋረጃው መጣ። ድምፁን ሰማሁት። "ብርማ ነኝ እኮ!" ይላል። ወርቃማም ብትሆን አታልፍም ብለው መለሱት።

አልጋዬን ዘርግቼ ተኛሁ። እንቅልፍ ግን እምቢ አለኝ። ስንት ጊዜ እዚህ ተኝቷል አልኩ በልቤ፤ በስንት ሰማይ ላይ፣ ብቻውን፣ ሞቅ ብሎት። አንድም ቀን ተመልሶ "አንቺ ከጎኔ በነበርሽ" አላለኝም። ይሄ ከማይሉም፣ ከካርዱም በላይ አሳዘነኝ። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ፣ በዚያ ውድ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ አለቀስኩ።

ስናርፍ ስልኬን ከፈትኩ። መምጣቴን ለልጄ ብቻ ነግሬያት ነበር፤ መልእክቷ ቀድሞኝ ደርሷል። "እማዬ ውሃዬ ፈሰሰ። ጎረቤቴ ሆስፒታል ወስዳኛለች። የት ደረስሽ?"

ባሌን ከአውሮፕላኑ በር ውጭ ጠበቅኩት። ፀጉሩ ቆሟል፣ አንገቱ ተጣሟል። ሊጣላኝ አፉን ሲከፍት ስልኩን ዓይኑ ሥር ያዝኩለት። አነበበ። ዳግመኛ አነበበ። ቁጣው ከፊቱ ላይ ወረደ።

ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ሁለት ምልክት አለ። ወደ ግራ ሌላ አውሮፕላን ለሚቀይሩ፣ ወደ ቀኝ መውጫ። ሰዓቱን አየ።

"ና እንሂድ" አልኩት።

"ሰዎቹ እየጠበቁኝ ነው እኮ። ሊፍቱ..."

"ሊፍቱ ምን ሆነ?"

"ድምፅ አለው።"

"ምን ዓይነት ድምፅ?"

ጫማውን አየ። "ትንሽ" አለ። ከዚያ ቶሎ ቶሎ፣ "ስመለስ እመጣለሁ፣ በዚህ በኩል እመለሳለሁ፣ ሳሚልኝ፣ ንገሪያት" እያለ ወደ ግራ ሄደ። የትንሿ ሻንጣው ጎማ ሲንኳኳ እሰማ ነበር። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ይመጣል ብዬ ነበር። በእውነት ይመጣል ብዬ ነበር። ወደ ቀኝ ሄድኩ።

በሰዓቱ ደረስኩ። ልጄ ስታየኝ ስሜን የጻፈችበትን ወረቀት ለአዋላጇ እያሳየች "መጣች! አላልኩሽም? መጣች!" አለቻት። እጄን ስትጨብጠው የስፌት ጣቶቼ ደነዘዙ። ሴት ልጅ ተወለደች፤ ጩኸቷ ኮሪደሩን አልፎ ተሰማ። ያ ሁሉ ካለቀ በኋላ ልጄ ትራስ ላይ እንደተጋደመች "አባዬስ?" አለችኝ።

"አየር ላይ ነው።"

"መቼ ወርዶ ያውቃል" አለች። ሳቀች፤ ዓይኗ ግን አልሳቀም።

በተመለሰም ጊዜ በእኛ በኩል አልመጣም። በኢኮኖሚ የጎደለበትን ማይል ለመሙላት ከገዛ ኪሱ ከፍሎ በሦስት አገር ዞሮ ገባ። ሞላለትም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደወለ።

"ወርቃማዋ መጣች" አለኝ።

"እንኳን ደስ አለህ። ለማን አሳየሃት?"

በስልኩ ውስጥ የቤታችን ማቀዝቀዣ ሲያጉረመርም ይሰማኛል።

"መቼ ነው የምትመለሽው?"

"መመለሻ አልቆረጥኩም፤ ማይሉ አልበቃም። ብዙው በስብሶ ነው የቆየህ። ካላመንክ የስፌት ጠረጴዛዬን እግር አንሳና ከሥሩ ያለውን መጽሐፍ አንብብ።"

ስልኩን ሳይዘጋው አስቀመጠው። ጠረጴዛው ሲጎተት ሰማሁ፣ ገጽ ሲገለጥ ሰማሁ። ብዙ ጠበቅኩ። ከዚያ ሩቅ ሆኖ፣ ለራሱ የሚናገር በሚመስል ድምፅ "ያን ሁሉ ጊዜ መሄድ እንችል ነበር" አለ። "በየዓመቱ መሄድ እንችል ነበር።" አላጽናናሁትም። ሕፃኗ አለቀሰችና ስልኩን ዘጋሁት።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀናት አልደወለም። ጣውንቴን አቅፎ ተኝቷል አልኩ።

አንድ ቀን ጠዋት የልጄ በር ተንኳኳ። የከፈተችው ልጄ ናት። እኔ ሕፃኗን ትከሻዬ ላይ አድርጌ እያስገሳኋት ነበር። ባሌ ደፍ ላይ ቆሟል። ሸሚዙ ተጨማድዷል፣ ጉልበቱን ያሻል። ከወርቃማዋ ካርድ ጋር የምትሰጠውን መለያ ሻንጣው ላይ ፈለግኩ፤ የለችም።

ልጄ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች፤ ከዚያ ወዲያው፣ ሳታስበው፣ "አባዬ፣ ስንት ሰዓት ትቆያለህ?" አለችው።

ይሄ ጥያቄ እንዴት እንደወጋው አየሁ። ወደ ግድግዳው ዞረ፣ ኮቱን የሚሰቅል መስሎ ቆየ። "ፈቃድ ወስጃለሁ" አለ በመጨረሻ። "የመሄጃ ብቻ ነው የቆረጥኩት።"

እኔ ግን በቀላሉ የምሸነፍ አይደለሁም። ይህን ሰውዬ አውቀዋለሁ። "በየት ዞረህ መጣህ?" አልኩት።

"በቀጥታ።"

"የት ተቀመጥክ?"

"ከኋላ። ሽንት ቤቱ አጠገብ።"

"ወርቃማ ሆነህ ሽንት ቤት አጠገብ?"

"የተረፈችው ማይል የምትበቃው ለዚያች ወንበር ብቻ ነበር።"

"እሺ፣ ስንት ማይል አስገባህባት?"

ፈገግ ሊል ሞከረ፤ አልሆነለትም። "በማይል የተቆረጠ ትኬት ማይል አያስገባም" አለ። "መጽሐፉ ላይ አለ።"

"ምንም?"

"ምንም።"

እጅህን ታጠብ አልኩትና ሕፃኗን ሰጠሁት።